የምንተነፍሰውን አየር ማን ይለካልን?

በገበያ ውስጥ ሚዛኑን አዛብቶ የተገኘ ነጋዴ ይቀጣል። ሳይመረመርና የቄራ ማኅተም ሳያርፍበት በሉካንዳ ቤት የተሰቀለ ሥጋ ይወረሳል። የቧንቧ ውሃ ወደየቤታችን ከመድረሱ በፊት ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ናሙናውም በላቦራቶሪ ይመረመራል። እነዚህን ተግባራት የሚያከናውነው ከሁሉም ይልቅ ለነዋሪው ቅርብ የሆነው መንግሥታዊ አካል፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የሰፈርን ችግር የሚያውቀው ሰፈሩ ውስጥ ያለ ነውና። ነገር ግን እያንዳንዱ ጎልማሳ ሰው በቀን ከ10 ሺህ ሊትር በላይ ወደ ሳንባው የሚያስገባውን አየር፣ በየሰፈሩ የሚመዝንለትና ውጤቱን የሚነግረው አካል እምብዛም የለም። ሥጋውን ላለመግዛት፣ ውሃውንም አፍልቶ ለመጠጣት ይቻላል፤ አየሩን ግን መርጦ የሚተነፍስ ሰው አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ሐሳብ ለአንባቢያን ማቅረብ ነው። ሐሳቡም የአየርን ጥራት የመለካትና የመጠበቅ ኃላፊነት ወደ አካባቢ ምክር ቤቶችና ወደ ክፍለ ከተማ አስተዳደሮች መውረድ አለበት የሚል ነው። ይሁንና ኃላፊነቱ ብቻውን ሲወርድ ዋጋ የለውም። ከኃላፊነቱ ጋር ሥልጣን፣ ገንዘብና ውጤቱን ለሕዝብ የመግለጽ ግዴታ አብረው መውረድ ይኖርባቸዋል። ይህን ለማስረዳት በጉዳዩ ከሰባ ዓመት በላይ ልምድ ያካበተችውን ብሪታንያን በምሳሌነት አነሣለሁ። ከተሳካላት ብቻ ሳይሆን ካልተሳካላትም ብዙ የምንማረው አለና።

ጭስ ከተማ የዋጠበት ሳምንት

እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 5 እስከ 9 ቀን 1952 ድረስ የለንደን ከተማ በወፍራም ጢስና ጉም ተሸፍና ሰነበተች። ምክንያቱ ከባድ አልነበረም። ወቅቱ ብርድ ስለነበር በየቤቱ የድንጋይ ከሰል ይነዳል፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹም የሚሠሩት በከሰል ነበር። በተለመደው ጊዜ ከመሬት ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ ሞቃቱ ጭስ ወደ ላይ እየተነሣ ይበተናል። በእነዚያ ቀናት ግን ነፋስ ጠፍቶ፣ ቀዝቃዛ አየር መሬት ላይ ተኝቶ፣ በላዩ ደግሞ ሞቃት አየር ተዘረጋ። ይህን ሁኔታ ሳይንስ የሙቀት ግልባጭ ይለዋል። ሞቃቱ የአየር ንጣፍ በምጣድ ላይ እንደተደፋ አክንባሎ ጭሱን አፍኖ ያዘው። ጢሱ ወደ ቴአትር አዳራሾች ሳይቀር በመግባቱ ታዳሚው መድረኩን ማየት ተስኖት ትርኢት የተቋረጠበት ጊዜ ነበር።

በወቅቱ የተገመተው የሟቾች ቁጥር 4 ሺህ ያህል ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የሞት መዛግብቱ እንደገና ሲመረመሩ ግን ቁጥሩ ወደ 12 ሺህ ሊጠጋ እንደሚችል ተገልጿል። ልዩነቱ የመጣው ከጭሱ መነሣት በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት የሞቱትን ሰዎች በመቁጠርና ባለመቁጠር ነው። አየር የሚገድለው በአንድ ቀን ብቻ አይደለም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» እንደሚባለው፣ የተበከለ አየርም ሰውን የሚወስደው ቀስ እያለ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የተፈጸመውን ስንመለከት የማዘጋጃ ቤቶች ሚና ጎልቶ ይታያል። ማዕከላዊው መንግሥት መጀመሪያ ላይ ጉዳዩን ለመያዝ ሲያመነታ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በሰር ሂው ቢቨር የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። የኮሚቴው ሪፖርት በ1954 ወጣ፤ የንጹሕ አየር ሕግም በ1956 ታወጀ። ነገር ግን አንዳንድ ከተሞች ፓርላማውን አልጠበቁም። የማንቸስተር ማዘጋጃ ቤት ከጭስ ነፃ የሆነ ቀጣና ለመከለል የሚያስችለውን ሥልጣን በ1946 በራሱ የአካባቢ ሕግ አግኝቶ፣ በ1952 ሥራ ላይ አውሎት ነበር። የለንደን እምብርት የሆነው የሲቲ ኦፍ ለንደን አስተዳደርም ከአገሩ ሕግ በፊት የራሱን ሕግ አስወጥቷል። የ1956ቱ ሕግ እነዚህ ከተሞች የጀመሩትን ለመላው አገር ያስፋፋ ነበር ለማለት ይቻላል።

የሕጉ ዋና መሣሪያ የጭስ መቆጣጠሪያ ቀጣና የተባለው ነው። አንድ ምክር ቤት አንድን ሰፈር በዚህ ስም ሲከልል፣ በዚያ ሰፈር ከጭስ ማውጫ ጭስ ማስወጣት ይከለከላል። ሆኖም ክልከላው ብቻውን አልተላከም። ነዋሪው የከሰል ምድጃውን ጭስ በማያወጣ ምድጃ እንዲለውጥ ከወጪው አብዛኛው በመንግሥትና በምክር ቤቱ ተሸፈነለት። በእኔ እምነት የሕጉ ስኬት ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ድሃውን «አታጭስ» ብሎ መቅጣት ቀላል ነው፤ ሳያጨስ የሚያበስልበትን መንገድ መስጠት ግን ገንዘብና አሳብ ይጠይቃል።

ከክልከላው ጎን ለጎን ልኬት ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1961 ብሪታንያ ጭስንና ሰልፈር ዳይኦክሳይድን የሚለካ አገር አቀፍ መረብ ዘረጋች፤ የመለኪያ ጣቢያዎቹም ከአንድ ሺህ በላይ ደረሱ። መሣሪያዎቹ የተራቀቁ አልነበሩም። አየር በፓምፕ እየተሳበ በማጣሪያ ወረቀት ውስጥ ያልፋል፤ የወረቀቱ ጥቁረት የጭሱን መጠን ይናገራል። ከዚያም አየሩ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውህድ ውስጥ ይንቆረቆራል፤ የውህዱ አሲድነት መጨመርም የሰልፈር ዳይኦክሳይዱን መጠን ያሳያል። አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ሊሠራው የሚችለውን ይህን ሥራ በየዕለቱ ሲያከናውኑ ከነበሩት ብዙዎቹ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ነበሩ።

መለካት፣ መከለል፣ ማቀድ

የከሰሉ ጭስ ሲቀንስ የመኪናው ጭስ ተተካ። በዓይን የሚታየው ጥቁር ጢስ ጠፍቶ፣ በዓይን የማይታዩት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ደቃቅ ብናኝ መጡ። ደቃቅ ብናኝ ስንል አማካይ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውን፣ በሳይንሱ ቋንቋ ፒኤም 2.5 የሚባለውን ማለታችን ነው። ይህም ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ በመሆኑ በአፍንጫና በጉሮሮ ሳይያዝ እስከ ሳንባ ጥልቀት ይዘልቃል።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የብሪታንያ የአካባቢ ሕግ ለዚህ አዲስ ችግር መልስ ለመስጠት የታሰበ ነበር። ሕጉ በምክር ቤቶች ላይ የጣለው ግዴታ በሦስት ደረጃዎች ይከፈላል። በመጀመሪያ፣ ምክር ቤቱ በክልሉ ያለውን የአየር ጥራት በየጊዜው መርምሮ ከተቀመጠው ግብ ጋር ያነጻጽራል። ሁለተኛ፣ ሰዎች በሚኖሩበት ቦታ ግቡ የማይሟላ ሆኖ ከተገኘ፣ ያንን ቦታ የአየር ጥራት ማስተዳደሪያ ቀጣና ብሎ በይፋ ይከልላል። ቀጣናው አንድ መስቀለኛ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሙሉ ከተማም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ለተከለለው ቦታ የድርጊት ዕቅድ አውጥቶ ዓመታዊ ሪፖርት ያቀርባል፤ ሪፖርቱም ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ መሣሪያ ርካሹ ነው። የሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ በአንድ በኩል የተዘጋች የፕላስቲክ ቱቦ ናት። በተዘጋው ጫፍ ትራይኢታኖላሚን በተባለ ኬሚካል የተነከረ የብረት መረብ አለ። ቱቦዋ አፏን ወደ መሬት ደፍታ በመብራት ምሰሶ ላይ ለአንድ ወር ትታሰራለች። ፓምፕም ሆነ ኤሌክትሪክ አያስፈልጋትም። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በራሱ ስርጭት ወደ ውስጥ እየዘለቀ በመረቡ ላይ ይያዛል፤ ከወር በኋላም በላቦራቶሪ በሚደረግ የቀለም ምርመራ መጠኑ ይታወቃል። አንድ ምክር ቤት ይህችን ቱቦ በአሥር፣ በሃያ፣ በመቶ ምሰሶዎች ላይ አስሮ የከተማውን ካርታ ሊሥል ይችላል።

ቱቦዋ ርካሽ በመሆኗ ልኬቷ ፍጹም አይደለም። ስለዚህ ጥቂቶቹ ቱቦዎች ከአንድ ውድና ትክክለኛ መሣሪያ አጠገብ ይሰቀላሉ። ይህ መሣሪያ ናይትሮጅን ሞኖክሳይድ ከኦዞን ጋር ሲዋሃድ የሚሰጠውን ደካማ ብርሃን በመለካት ይሠራል። የሁለቱ ውጤት ተነጻጽሮ የሚገኘው ማስተካከያ ቁጥር በሌሎቹ ቱቦዎች ሁሉ ላይ ይባዛል። አንድ ውድ መሣሪያ ብዙ ርካሽ መሣሪያዎችን እንዲገራ ማድረግ ማለት ይህ ነው። ገንዘብ ለሚያጥረው አገር ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

ልኬት ያለ ሥልጣን

አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን የቀረበው ሁሉ መልካም ነው፤ አሁን ደግሞ ወደ ጉድለቱ እንለፍ። በብሪታንያ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ቀጣናዎች ተከለሉ። የአብዛኞቹ ምክንያት የመኪና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነበር። የድርጊት ዕቅዶችም ተጻፉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ቀጣናዎች ከተከለሉ በኋላ ለዓመታት እንደተከለሉ ቀሩ። ለምን?

አንደኛው ምክንያት የሥልጣን መከፋፈል ነው። በብዙ የእንግሊዝ አካባቢዎች አየሩን የመለካት ኃላፊነት የታችኛው የወረዳ ምክር ቤት ሲሆን፣ መንገዱን የማስተዳደር ሥልጣን ደግሞ የላይኛው የአውራጃ ምክር ቤት ነበር። ታላላቆቹ አውራ ጎዳናዎች ከሁለቱም ውጭ በብሔራዊ ድርጅት ይተዳደራሉ። የመኪናና የነዳጅ ግብር የሚወሰነው በገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ስለዚህ በሽታውን የሚመረምረው አንድ፣ መድኃኒቱን የያዘው ሌላ ሆነ። ቴርሞሜትር ብቻ ይዞ በሽተኛ አጠገብ የተቀመጠ ሐኪም ትኩሳቱን መመዝገብ እንጂ ማብረድ አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት ከላይ የመጣው ፖሊሲ ከታች የሚደረገውን ጥረት ማፍረሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የመኪና ግብር በካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ላይ እንዲመሠረት ሲደረግ፣ አነስተኛ ካርቦን የሚለቁት የናፍጣ መኪናዎች ተበረታቱ። የናፍጣ መኪና ግን ናይትሮጅን ኦክሳይድና ብናኝ ይለቃል። በወረቀት ላይ የመኪኖቹ ብክለት እየቀነሰ ነው ሲባል፣ በመንገድ ዳር የተሰቀሉት መሣሪያዎች ቁጥሩ እንዳልቀነሰ ይናገሩ ነበር። በ2015 ቮልስዋገን የተባለው ኩባንያ በፍተሻ ጊዜ ብቻ ንጹሕ የሚሆን ሞተር መሥራቱ ሲጋለጥ፣ ከወረቀቱ ይልቅ የመንገድ ዳሩ መሣሪያ ይታመን እንደነበር ግልጽ ሆነ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንግሥት አዲስ የአየር ጥራት ዕቅድ እንዲያወጣ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ነው ባዝና በርሚንግሃም በ2021፣ ብሪስቶል በ2022 አሮጌ ተሽከርካሪዎችን የሚያስከፍሉ የንጹሕ አየር ቀጣናዎች የጀመሩት።

በቁጥር መካከል ያለው ሰው መረሳት የለበትም። ኤላ አዱ-ኪሲ-ዴብራ የተባለች የዘጠኝ ዓመት ሕፃን በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ መኪና በሚበዛበት አውራ መንገድ አጠገብ ትኖር ነበር። በብርቱ የአስም በሽታ ስትሠቃይ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2013 ሞተች። በ2020 የሞት መንስኤ መርማሪው ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን በይፋ መዘገበ። ከዚህም አልፎ፣ እናቷ ስለ አየሩ ሁኔታ መረጃ አለመሰጣቸውንና መረጃው ቢኖራቸው ኖሮ ልጃቸውን የሚጠብቁበትን እርምጃ ሊወስዱ ይችሉ እንደነበር ገለጸ። አየሩ በዚያ ከተማ ይለካ ነበር። የተለካው ግን ለሚያስፈልጋት እናት አልደረሰም።

ምክር ቤቶች ሁልጊዜ ከንጹሕ አየር ጎን ይቆማሉ ማለትም አይቻልም። የለንደን ከንቲባ በ2019 የጀመሩትን አሮጌ መኪናዎችን በቀን 12 ፓውንድ ከ50 የሚያስከፍል ቀጣና በ2023 ወደ መላው ከተማ ሲያስፋፉ፣ ተቃውመው ፍርድ ቤት የሄዱት አምስት የአካባቢ ምክር ቤቶች ነበሩ፤ ተረቱም። ተቃውሟቸው ግን በከንቱ የተነሣ አልነበረም። አሮጌ መኪና የሚነዳው በአብዛኛው አዲስ ለመግዛት አቅም የሌለው ነው። ይህን ጥያቄ በ1956 የምድጃ መለወጫ ገንዘብ የመለሰው ያህል የሚመልስ የለም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

ይህን ሁሉ ስለ እንግሊዝ የጻፍኩት ለአዲስ አበባ ስል ነው። ከተማችን ሕግ የላትም አይባልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የአየር ጥራት ደረጃ እንዲወጣ ያዛል። ይኸው አዋጅ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት እንዲወስድ ይፈቅድለታል። ይህ አንቀጽ ብዙ የበለጸጉ አገሮች የሚቀኑበት ነው። ነገር ግን አቤቱታ ማስረጃ ይሻል፤ ማስረጃውም ልኬት ነው። በሰፈሩ የተለካ አየር የሌለው ነዋሪ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ያስለኛል» ከማለት በቀር ምን ሊል ይችላል?

ለብዙ ዓመታት ስለ አዲስ አበባ ደቃቅ ብናኝ በየሰዓቱ ለሕዝብ ሲገለጹ ከነበሩት ቁጥሮች ዋነኞቹ ከአሜሪካ ኤምባሲ መሣሪያዎች የሚወጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ይሰጥ የነበረው ይህ መረጃ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ2025 በዓለም ዙሪያ የኤምባሲዎቹን ልኬት ማሠራጨት ሲያቆም አብሮ ተቋረጠ። ለተሰጠን ማመስገን ይገባል፤ ነገር ግን የአንድ ከተማ ሕዝብ የሚተነፍሰውን የሚያውቀው በእንግዳ ደጅ ከተሰቀለ መሣሪያ መሆኑ፣ እንግዳው ሲፈልግ የሚነቅለው መሆኑም፣ ሊያሳስበን ይገባል። ከተሰበሰበው መረጃ የታወቀው አንድ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ የደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ ከ5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የአዲስ አበባ አማካይ ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከተማችን የራሷ ጠባይ አላት። ከባሕር ወለል 2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ነዳጅ በሚገባ ሳይቃጠል ይወጣል፤ በተለይም አሮጌ ሞተር ያለው መኪና ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋው በከፊል ለዚህ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ፣ ለንደንን ያፈነው የሙቀት ግልባጭ በእኛም ላይ ማለዳ ማለዳ ይዘረጋል። ማለዳ ደግሞ ከሰሉ የሚቀጣጠልበት፣ ምጣዱ የሚጣድበት፣ ሚኒባስ ታክሲው የሚሰለፍበት፣ ተማሪውም ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ሰዓት ነው።

በዚሁ ወቅት ኅዳር ሲታጠን ይመጣል። በ1911 ዓ.ም. በመላው ዓለም የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ አዲስ አበባን ሲያረግፍ፣ ቆሻሻን ጠርጎ ማቃጠል በሽታን የማባረሪያ መንገድ ተደርጎ ተወሰደ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ የሚነደው እሳት የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ባወቁት መጠን ስለ ሕዝብ ጤና አስበው ያደረጉት ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም የዛሬው ቆሻሻ የዚያ ዘመን ገለባና ቅጠል አይደለም። ፌስታሉ፣ የውሃ ላስቲኩና ያረጀው ጎማ ሲቃጠሉ የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው፤ የሚወጣውም አክንባሎው በተደፋበት ወቅት ነው። ቀኑ በክልከላ ብቻ አይለወጥም። መጥረጉና መሰብሰቡ ይቀጥል፤ ማቃጠሉ ግን የቆሻሻ መኪና በየመንደሩ በማሠማራት ይተካ። ለሳይንስ ተማሪ ደግሞ ኅዳር 12 ታላቅ የምርምር ዕድል ነው። ከቀኑ በፊት፣ በዕለቱና ከዚያ በኋላ የተወሰደ ልኬት ሰው በአንድ ቀን ውሳኔ አየሩን ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል በቁጥር ያሳያል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በከተማዋ 11 ክፍለ ከተሞች ውስጥ በእያንዳንዳቸው ቢያንስ ሦስት ቋሚ የመለኪያ ቦታዎች ይመረጡ፤ አንዱ በአውራ መንገድ ዳር፣ አንዱ በመኖሪያ ሰፈር፣ አንዱ በትምህርት ቤት ወይም በጤና ጣቢያ አጠገብ። ድምሩ 33 ነው። በእነዚህ ላይ ርካሽ መሣሪያዎች ይተከሉ፤ ጥቂት ትክክለኛ መሣሪያዎች ደግሞ ለማነጻጸሪያ ያገልግሉ። ብናኝን በብርሃን ነጸብራቅ የሚቆጥሩት ርካሽ መሣሪያዎች በክረምት እርጥበት ሲበዛ ብናኙ ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ከእውነቱ አብልጠው ይናገራሉ። የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ቱቦዎችም በከፍታችን ሳይስተካከሉ አይታመኑም፤ ጋዝ በሳሳ አየር ውስጥ በፍጥነት ስለሚሠራጭ፣ ቱቦዋ የምትሰበስበው በባሕር ጠረፍ ከምትሰበስበው ከሩብ በላይ ይበልጣልና። ከውጭ የመጣን መሣሪያ ከነቁጥሩ መቀበል ስሕተት ላይ ይጥላል።

ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የማነጻጸሩን ሥራ ይረከቡ። ለደቃቅ ብናኝ ከሁሉ የሚታመነው ዘዴ ከሁሉ ቀላሉ፣ መመዘን ነው። አየሩ በደቂቃ 16.7 ሊትር እየተሳበ ለ24 ሰዓት በማጣሪያ ውስጥ ቢያልፍ፣ 24 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለምሳሌ የማጣሪያው ክብደት በ720 ማይክሮግራም ጨምሮ ቢገኝ፣ 720ን ለ24 አካፍለን 30 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እናገኛለን። የሚያስፈልገው ፓምፕ፣ ማጣሪያ፣ ማይክሮግራም የሚለይ ሚዛንና ታማኝ ተማሪ ነው። የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰበስቧቸው ልኬቶች በየመደርደሪያው አቧራ ከሚጠጡ የክፍለ ከተማው መዝገብ አካል ቢሆኑ ለሁሉም ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ የሚለካው አካል የማስተካከል ሥልጣን ይኑረው። የደንብ አስከባሪ ሠራተኛ በሜዳ ላይ ቆሻሻ የሚያቃጥለውን፣ አሸዋና ገለባ ሳይሸፍን የሚያጓጉዘውን፣ የግንባታ ቦታውን ውሃ ሳያርከፈክፍ አቧራ የሚያስነሣውን ሊቆጣጠር ይችላል። የቦሎ ምርመራ የመኪናውን ፍሬንና መብራት ብቻ ሳይሆን የጭሱን መጠንም በመሣሪያ የሚፈትሽ፣ ፍተሻውም የማይታለፍ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በመንገድ ላይ ያሉትን አሮጌ የናፍጣ ተሽከርካሪዎች በአንድ ጀምበር አያስወጣም፤ የጎማና የፍሬን ብናኝም በኤሌክትሪክ መኪና አይጠፋም። ውሳኔው መሥራት አለመሥራቱንም የሚነግረን ልኬት ነው።

አራተኛ፣ ውጤቱ ይነገር። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ እንደ አየር ጠባይ ትንበያ በሬዲዮ ይነበብ፤ የክፍለ ከተማው ምክር ቤትም በዓመት አንድ ጊዜ ሪፖርቱን በአጀንዳ ይዞ ይወያይበት። አስም ያለበትን ልጅ የምታሳድግ እናት የዛሬው ማለዳ ከባድ መሆኑን ካወቀች፣ ልጇን በጓሮ መንገድ ልትወስድ ወይም መድኃኒቱን ልታስይዝ ትችላለች።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ሕዝቡ መጀመሪያ ይብላ፤ ስለ አየር ከዚያ በኋላ እናስባለን» የሚል ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ። ክርክሩ ከባድ ቢመስልም በአየር የሚጎዳው ማን እንደሆነ ይዘነጋል። የተበከለውን አየር በይበልጥ የሚተነፍሱት በመንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው፣ ታክሲ የሚያስጠራው ወጣት፣ ጭስ በበዛበት ማድ ቤት እንጀራ የምትጋግረው ሴት፣ የትራፊክ ፖሊሱና ጎዳና ጠራጊዋ ናቸው። ባለጸጋው መስኮቱን ሊዘጋ ይችላል። የታመመ ሰው ሠርቶ አይበላም፤ ስለዚህ የአየር ጉዳይ ከእንጀራ ጉዳይ የተለየ አይደለም። ከዚሁ ጋር ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቅጣቱ በቆሎ ጠባሿ ላይ ብቻ አርፎ ትልቁን ጭስ የሚያወጣው ፋብሪካ ከታለፈ፣ አየሩም አይጠራም፤ ፍትሕም አይኖርም። የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ በተመጣጣኝ ዋጋና በብድር እስኪቀርብ፣ መብራቱም ሳይቆራረጥ እስኪደርስ ድረስ፣ ከሰል የምታነደውን እናት መቅጣት አይገባም።

«የታችኛው አስተዳደር አቅም የለውም» የሚሉም ይኖራሉ። አቅም ግን ሥራው ከተሰጠ በኋላ የሚገነባ ነው። በብሪታንያ የማጣሪያ ወረቀት ሲለውጡ የነበሩት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ሊቃውንት አልነበሩም፤ መዝገባቸው ግን የሊቃውንት ምንጭ ሆነ።

«ቁጥሩ ከታወቀ ከተማዋ ስሟ ይጠፋል» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ በግልጽ ባይነገርም በብዙዎች ልብ ያለ ይመስለኛል። ለዚህ መልሴ አጭር ነው። መለኪያ አየሩን አያበክልም። ለንደን ስሟ በጭስ የታወቀው መለኪያ በመስቀሏ ሳይሆን ጭሱን ለረጅም ዘመን ዝም ብላ በመሸከሟ ነው። ስሟን ያደሰችውም ቁጥሩን በየዓመቱ ለራሷ ነዋሪ በመንገር ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ለንደን በቅጠል ሊጠፋ ይችል የነበረውን በብዙ ሺህ ነፍስ ከከፈለች በኋላ ነው ጭሱን በብርቱ መቆጣጠር የጀመረችው። አዲስ አበባ ገና እያደገች፣ ፎቆቿን እየገነባች፣ መንገዶቿን እየዘረጋች ያለች ከተማ ናት፤ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና አዳማም ተከትለዋታል። መሐንዲሱ ለመንገዱ ፕላን ሲነድፍ የመብራት ምሰሶ የሚቆምበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል። ከእነዚያ ምሰሶዎች በጥቂቶቹ ላይ የአየር መለኪያ እንዲሰቀል ዛሬ መወሰን የሚጠይቀው ወጪ አነስተኛ ነው። ውሳኔውን የሚጠብቀው የከተማ ምክር ቤት ነው፤ የሚለካበትን ዘዴ የማቅረቡ ኃላፊነት ግን በእኛ፣ በሳይንስ ፋኩልቲው መምህራንና ተማሪዎች ላይ ይወድቃል።